ከቁርበት እስከ ስፖንጅ፦ የመኝታችን ታሪክና የኪሳችን ሒሳብ



የብድር መዝገባችንን የሚያገላብጥ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ለንግድ፣ ለልጆች ትምህርትና ለሕክምና ከሚጠየቀው ብድር ጎን «ለፍራሽ መግዣ» የሚል ምክንያት እየተመላለሰ ይመጣል። አንዳንዴም ያችው አባል ያንኑ ምክንያት ይዛ ከሁለት ዓመት በኋላ ትመለሳለች። በሒሳብ ሥራ ላይ ለምንገኝ ሰዎች ተመላልሶ የሚመጣ ወጪ ጥያቄ ያስነሳል። ዕቃው ለምን ቶሎ ያልቃል? ድሮስ እንዲህ ነበር? ይህን ስጠይቅ ነው ነገሩ ከሒሳብ ወደ ታሪክ የወሰደኝ።

የምለው በአጭሩ ይህ ነው። አያቶቻችን መኝታ በየድርቡ የሚሠራና የሚታደስ ነገር መሆኑን ያውቁ ነበር። እኛ ግን ፍራሽን ተገዝቶ፣ ጎድጉዶ፣ የሚጣል ዕቃ አደረግነው። ያ የድሮ ዕውቀት ግን አልሞተም፤ በዛሬው ስፖንጅም ላይ ይሠራል፤ ገንዘብም ይቆጥባል።

አልጋ የማን ነበር?

በአማርኛ «አልጋ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ የምንተኛበት ነው፤ ሌላው ዙፋን ነው። «አልጋ ወራሽ» ስንል መኝታ የሚወርስ ሰው ማለታችን አይደለም። ከመሬት ከፍ ማለት የባለ ማዕረግ ነበርና ቃሉ ሁለቱንም ቢይዝ አይገርምም። በእንጨት ቋሚዎች ላይ የከብት ቆዳ ጠፍር እየተጠላለፈ የሚወጠርበት የጠፍር አልጋ በደህና ቤት የሚገኝ ንብረት ነበር። ብዙው ሰው የሚተኛው ከጭቃ በተሠራ መደብ ላይ ወይም መሬት ላይ ነው። ከሥር ሣር ወይም ጭድ ይጎዘጎዛል፤ በላዩ ቁርበት ይነጠፋል፤ የተገኘ እንደሆነ ከቁርበቱ በላይ የበግ አጎዛ ይደረባል፤ ከዚያ ጋቢ ወይም ቡሉኮ ተለብሶ ይታደራል።

ይህን መኝታ ድህነት ብቻ አድርገን አንየው። አሠራሩን እንመልከት። ከታች የማይነቃነቅ ጠንካራ መደብ አለ፤ ክብደት የሚሸከመው እሱ ነው። ቀጥሎ ያለው ሣር ያለሰልሳል፤ አየርም ያስገባል። ቁርበቱ እርጥበት ከመሬት እንዳይወጣ ይከለክላል። አጎዛው ገላን ይቀበላል፤ ያሞቃል። እያንዳንዱ ድርብ የራሱ ሥራ አለው። ሣሩ ሲደቅ ሣሩ ብቻ ይለወጣል፤ ቁርበቱ ግን ለዓመታት ይቆያል። ሣሩ ደቀቀ ብሎ መደቡን የሚያፈርስ ሰው አልነበረም።

በእኛም አካባቢ ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። በሐረሪ ቤት ውስጥ ነደባ የሚባሉት ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ፤ እንግዳም የቤት ሰውም እንደ ክብሩ የሚቀመጥባቸው፣ ምንጣፍና መከዳ የሚደረደርባቸው ናቸው። ኦሮሞ እናቶቻችን ኢቲሌ የሚሉት የከብት ቆዳ ለመኝታም ለመቀመጫም ያገለግላል። አርብቶ አደር ሶማሌ እናቶች በእጃቸው የሚሠሩት ምንጣፍ ደግሞ ሲፈለግ የቤት ልባስ፣ ሲፈለግ መኝታ ይሆናል፤ ቤቱ ሲነሣ በግመል ይጫናል። በሁሉም ዘንድ መኝታን ያዘጋጀችው በአብዛኛው ሴት ናት። ዕውቀቱም የእሷ ነበር።

ባቡሩ ያመጣው

ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራውን ፈቃድ ሰጡ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። የሐረርን ተራራ መውጣት ከባድም ውድም ስለነበር መስመሩ በቆላው በኩል አለፈ፤ በደቻቱ ወንዝ ዳርም አዲስ ከተማ ተቆረቆረች። መጀመሪያ የተሰጣት ስም «አዲስ ሐረር» ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመሃሉ በነበሩት ዓመታት ሸቀጥ ከባቡር ወርዶ በበቅሎና በግመል የሚጫነው ከዚህ ነበር። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱና ዐረቡ ነጋዴ ከሐረሪው፣ ከኦሮሞው፣ ከሶማሌውና ከአማራው ጋር የተቀላቀለው ያኔ ነው። ዛሬ በከዚራም በመጋላም የምናየው ኑሮ ከዚያ የጀመረ ነው።

ከዚያ ባቡር ከወረደው ሸቀጥ ለመኝታችን ትልቁን ለውጥ ያመጣው ርካሽ ጨርቅ ነው። አቡጀዲ የምንለው ነጣ ያለ ያልተነከረ ጨርቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአብዛኛው ከአሜሪካ ፋብሪካዎች እየተጫነ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች በኩል ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የጃፓን ጨርቅ ገበያውን ያዘ። ይህ ከፍራሽ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ፍራሽ ማለት ሲጀመር የተሞላ ከረጢት ነው። እናት ፈትላ፣ ሸማኔ በእጁ የሠራው ጨርቅ ጭድ ተሞልቶበት እንዲበሰብስ የሚሰጥ አልነበረም፤ ጌጥና ክብር ነበር። ጨርቅ በጣቃ ተገዝቶ የሚቀደድበት ዘመን ሲመጣ ነው ሰፊው ሕዝብ ፍራሽ መሙላት የቻለው።

የብረት አልጋና የሽቦ አልጋም በከተማ ሰው ቤት ገባ። ያኔ አልጋ ከዙፋንነት ወርዶ የሠራተኛ ዕቃ ሆነ ማለት ይቻላል። ቋንቋችንም የንግዱን መንገድ ይነግረናል። «ፍራሽ» ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ የሚነጠፍ ነገር ማለት ነው። የባቡሩ ፈረንሳዮች «ማትላ» የሚሉት ቃልም ሥሩ ዐረብኛ ነው፤ «መጥረሕ» ከሚለው፣ ነገር የሚጣልበት ቦታ ከሚል ቃል፣ በጣሊያን በኩል ዞሮ የደረሳቸው ነው። ስለዚህ በለገሃር ፈረንሳዩና የመጋላው ነጋዴ ስለ ፍራሽ ሲከራከሩ ሁለቱም የሚያወሩት በዐረብኛ ዘር ቃል ነበር።

ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ጊዜ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1939 ድሬዳዋ ላይ የጥጥ ፋብሪካ ተቋቋመ። በአገራችን የዘመናዊ ጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪ መጀመሪያ ተደርጎ የሚቆጠረው እሱ ነው። ከነጻነት በኋላ አድጎ በ1967 ዓ.ም. በደርግ ተወረሰ፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ ውጣ ውረድ አይቷል። በየሠፈራችን በዚያ ፋብሪካ የሠራች እናት ወይም አክስት ያላት አትጠፋም። ጥጥ ለድሬዳዋ ሴት የእንጀራ ነገር ነበር።

የፍራሽ አዳሹ ሙያ

የጥጥ ፍራሽ አንድ ጠባይ አለው። አዲስ ሲሆን ያበጠና የሚያስደስት ነው። ሰው ሲተኛበት ግን ጭረቶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ይጠቀጠቃሉ፤ ላብና አቧራ ይጠጣሉ። መካከሉ ይጎደጉዳል፤ ዳርና ዳሩ ይቋጠራል። በድሬዳዋ ደግሞ ፍራሽ ሌሊት ብቻ አይደለም የሚሠራው። ከምሳ በኋላ በግድግዳው ዙሪያ ፍራሽና መከዳ ተደርድሮ እንግዳ ይቀመጥበታል፣ በርጫ ይያዝበታል። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ሲበረታ ወደ ግቢ ወጥቶ ከነአጎበሩ ይዘረጋል። በእንዲህ ዓይነት አገልግሎት የትኛውም ጥጥ ይደቃል።

መድኃኒቱ ግን አዲስ መግዛት አልነበረም። «ፍራሽ አዳሽ!» እያለ በየሠፈሩ የሚዞረውን ሰው መጥራት ነበር። ይህ ድምፅ በአዲስ አበባም በሌሎች ከተሞቻችንም ትልልቆቹ ሁሉ የሚያስታውሱት ነው። ሙያተኛው ግቢ ውስጥ ሸራ ያነጥፋል። የፍራሹን አንድ ጎን ይተረትራል። ጥጡን ያወጣል፤ በዱላ ይመታል፤ የተቋጠረውን በጣቱ እየፈታ ይበትናል፤ ፀሐይ ያስመታዋል። ሙሉ በሙሉ የሞተውን ይጥላል፤ የጎደለውን ያህል አዲስ ጥጥ ያስገዛል። በዚህ መሃል የቤቱ እመቤት የፍራሹን ልብስ አጥባ ታሰጣለች። ከዚያ ጥጡን በእኩል እየዘረጋ ይመልሰዋል፤ አፉን በጆንያ መርፌ ይሰፋል፤ ጥጡ እንዳይንሸራተት እዚህም እዚያም ከላይ እስከ ታች በወፍራም ክር ወግቶ ያስረዋል። ማታ ቤተሰቡ የሚተኛው አዲስ በሆነ በአሮጌ ፍራሽ ላይ ነው።

ይህ ሙያ የእኛ ብቻ አይደለም። እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ መጀመሪያ ይዳምጡታል፤ ፍሬውን ያወጣሉ ማለት ነው። ቀጥለው በደጋን ይነድፉታል። የደጋኑ ጅማት እየነዘረ ጥጡን እንደ ደመና ይበትነዋል። በሕንድም ይኸው ደጋን አለ፤ የፍራሽ ጥጥ የሚያፍታታ ሰው በትከሻው ይዞት ይዞራል። በዐረቡ አገር ሙያተኛው «ነዳፍ» ይባላል፤ ከእኛው «ነደፈ» ጋር አንድ ሥር ነው። ጃፓኖችም የጥጥ ፍራሻቸውን ጠዋት ጠዋት አጥፈው ያነሡታል፤ ፀሐይ ላይ እያወጡ ይመቱታል። በሁሉም አገር ሰዎች የደረሱበት መደምደሚያ አንድ ነው። ፍራሽ የሚከፈት ነገር ነው፤ ያላለቀው ይቀመጣል፤ ያለቀው ብቻ ይተካል።

ስፖንጅ እንዴት መጣ?

እንደ ስፖንጅ ያለ ፍራሽ ለመሥራት መጀመሪያ የተሞከረው በጎማ ዛፍ ወተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 የእንግሊዙ የደንሎፕ ኩባንያ ሠራተኞች ያንን ወተት እንደ እንቁላል መትተው አረፋ አደረጉት፤ አረፋውን አብስለው ለስላሳ ጎማ አገኙ። ጥሩ ነገር ነበር፤ ነገር ግን ከባድና ውድ ነው።

ዛሬ ስፖንጅ የምንለው ግን የሌላ ግኝት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ኦቶ ባየር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስትና ባልደረቦቹ ሁለት ዓይነት ፈሳሾችን በማዋሃድ ፖሊዩሬታን የሚባለውን ነገር ሠሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ፣ ለስላሳው ዓይነት ለፍራሽና ለወንበር በብዛት መመረት ጀመረ። አሠራሩን ለእንጀራ ጋጋሪ ማስረዳት አያስቸግርም። ከፈሳሾቹ ጋር ጥቂት ውሃ ይገባል። ውሃው ከአንደኛው ፈሳሽ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጥራል፤ ሊጣችን ኩፍ ሲል የሚወጣው ያው አየር ነው። ድብልቁ በደቂቃዎች ውስጥ ተነፍቶ ትልቅ ግንድ ይሆናል። በስፖንጁ ውስጥ የምናያቸው ቀዳዳዎች እንደ እንጀራ ዓይን ናቸው። ግንዱ ቀዝቅዞ ሲጸና በረጅም ስለት እንደ ዳቦ ይቆራረጣል። እንግዲህ ገበያ ላይ የምናየው ፍራሽ ከትልቅ ዳቦ የተቆረጠ አንድ ቁራጭ ነው። ወፍራምም ስስም አድርጎ መቁረጥ የቆራጩ ፈንታ ነው።

ስፖንጅ አብዛኛው አየር ስለሆነ ከሩቅ አገር ማጓጓዝ አያዋጣም። ስለዚህ በብዙ አገር ኬሚካሉ በበርሜል ይገባል፤ ስፖንጁ ገበያው አጠገብ ይነፋል። በእኛም አገር የስፖንጅ ፋብሪካዎች ተቋቁመዋል። በእናቶቻችን ዕድሜ ውስጥ የጥጥ ፍራሽ ከብዙ የከተማ ቤት ወጥቶ ስፖንጅ ተተካ። ቀላል ነው፤ አይቋጠርም፤ ሠርቶ አዳሪ ልጅ ብቻዋን ትሸከመዋለች። አረቢያን መጅሊስ ሲለመድም ስፖንጅ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ገባ። ይህ ሁሉ በረከት ነው፤ አልቃወመውም።

ነገር ግን አንድ ነገር አብሮ ሄደ። ስፖንጁ አንድ ወጥ ሆነና በጨርቅ ተሰፍቶ ተዘጋ። ሲጎደጉድ የሚከፍተው የለም። ፍራሽ አዳሹም ሥራው ቀነሰ። ከዚህ የከፋው ደግሞ የፍራሹን ጥራት ከውጭ ማየት አለመቻሉ ነው። ሁለት ፍራሾች በውፍረትም በጨርቅም በአበባም አንድ ሆነው አንዱ ብዙ ዓመት ሲያገለግል ሌላው በጥቂት ወራት ውስጥ እንደ ገንዳ ይጎደጉዳል። ለምን ቢባል፣ አንዱ ውስጥ ያለው ስፖንጅ ብዙ፣ ሌላው ውስጥ ያለው አየር ብዙ ስለሆነ ነው።

ሚዛን አይዋሽም

የስፖንጅ ጥንካሬ የሚለካው አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ ይመዝናል በሚለው ነው። ሻጮች «ዴንሲቲ» የሚሉት ይህንን ነው። 15 ወይም 16 የሆነው በየቀኑ ለሚተኛበት አዋቂ ሰው የሚበረክት አይደለም። ከ25 በላይ ያለው ይሻላል፤ 30 የሆነው ክብደት ለሚሸከመው ለታችኛው ድርብ ጥሩ ነው። ይህን ለማረጋገጥ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ሜትርና ሚዛን ይበቃል።

ለምሳሌ ርዝመቱ 190፣ ወርዱ 90፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስፖንጅ ብንወስድ 1.90 በ0.90 በ0.10 ሲባዛ 0.171 ሜትር ኩብ ይሆናል። ዴንሲቲው 30 ከሆነ ስፖንጁ ያለ ልብሱ ከ5 ኪሎ ትንሽ በለጥ ማለት አለበት፤ 20 ከሆነ ወደ 3 ኪሎ ተኩል፤ 15 ከሆነ 2 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። «ሠላሳ ነው» ተብሎ የተሸጠላችሁ ሚዛን ላይ 3 ኪሎ ካለ፣ ጥያቄ ለማንሣት በቂ ምክንያት አላችሁ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አንደኛ፣ ክብደትና ጥጥር የተለያዩ ናቸው። ሲጫኑት የማይነቃነቅ ስፖንጅ የግድ የሚበረክት ላይሆን ይችላል፤ ለስላሳ ሆኖ የሚበረክትም አለ። ሁለተኛ፣ እንደ ኖራ ያለ ዱቄት ገብቶበት ክብደቱ ብቻ የጨመረ ስፖንጅም ይሠራል። ስለዚህ ከሚዛኑ በኋላ ጥጉን በጣት አሽት አድርጉት፤ የሚፈረፈር ወይም ዱቄት የሚጥል ከሆነ ይለፋችሁ። በቡጢ ተጭናችሁ ስትለቁት ወዲያው ካልተመለሰ እሱም ይለፋችሁ።

ድርቡን በየተራ መሥራት

አሁን የድሮውን ዕውቀት ወደ ስፖንጁ እንመልሰው። አንድ ወፍራም የተዘጋ ፍራሽ ከመግዛት ይልቅ የተቆረጠ ስፖንጅ በየድርቡ ገዝቶ፣ ዚፕ ባለው የፍራሽ ልብስ ውስጥ ማስገባት ይቻላል።

የታችኛው ድርብ መደቡን ይተካል። 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ክብደቱ 30 የደረሰ ጠጣር ስፖንጅ ይሁን። ከቁርጥራጭ ተፈጭቶ እንደገና የተጣበቀው ቀለመ ብዙ ስፖንጅም ከባድና ጠንካራ ስለሆነ ለዚህ ቦታ ይሆናል።

መካከለኛው ድርብ ሣሩን ይተካል። 5 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ለስለስ ያለ፣ ነገር ግን ክብደቱ ከ25 ያላነሰ ቢሆን ይመረጣል። ከዚህ በላይ ማወፈር ዳሌ እንዲሰምጥና ወገብ እንዲታመም ያደርጋል።

የላይኛው ድርብ አጎዛውን ይተካል። ለድሬዳዋ ሙቀት ከጥጥ የተሻለ የለም። ስፖንጅ ሙቀት ይይዛል፤ ጥጥ ላብ ይጠጣል፤ አየርም ያስገባል። ሦስት ሳንቲ ሜትር የሚሆን ስስ የጥጥ ፍራሽ በአቡጀዲ አሰፍቶ፣ እዚህም እዚያም በክር አስሮ ከላይ ማንጠፍ ነው። አሮጌ የጥጥ ፍራሽ ያላት አባል አንዱን ከፍታ ሁለት ስስ ልታወጣበት ትችላለች። ፍራሽ አዳሹን የምንጠራው ለዚህ ነው።

ድርቦቹን በማስቲሽ አታጣብቋቸው። ከተጣበቁ ጥቅሙ ሁሉ ቀረ። የፍራሹ ልብስ ልክክ ብሎ ከተሰፋ አይንሸራተቱም። ስፖንጁ ተስተካክሎ ካልመጣ በሜትር ለክቶ፣ በእስክሪብቶ አስምሮ፣ ጥርስ ባለው የዳቦ ቢላ ሳይጫኑ በርጋታ መቁረጥ ይቻላል። በየሁለትና ሦስት ወሩ ራስጌውን ወደ ግርጌ አዙሩት። ጥጡን ፀሐይ አስመቱት፤ ስፖንጁን ግን ጥላ ሥር አናፍሱት፤ ፀሐይ ስፖንጅን ያደርቀዋል፤ ያፈረፍረዋል። በተቻለ መጠን መሬት ላይ አታንጥፉ። ርብራብ ያለው አልጋ አየር ያሳልፋል፤ ጎርፍም ምን እንደሆነ የደቻቱ ጎረቤት የሆንን ሁሉ በ1998 ዓ.ም. ክረምት አይተነዋል። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ባለቀበት በዚያ ሌሊት ስለ ፍራሽ ማውራት ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የተረፈ ቤተሰብ በማግሥቱ መጀመሪያ የሚቸገረው የሚተኛበትን ነው።

ሁለት ነገር ግን በቀላሉ መታለፍ የለበትም። ስፖንጅ እሳት ከያዘው በጣም በፍጥነት ይነዳል፤ ጭሱም መርዝ ነው። የቡና ከሰል፣ የዕጣን ጋቻ፣ ሻማና ሲጋራ ከፍራሽ ይራቁ። ጨቅላ ሕፃን ደግሞ ለስላሳ ድርብ ላይ ለብቻው አይተኛ፤ አፍንጫው ሊታፈን ይችላል። ለሕፃን የሚሻለው ጠንከር ያለና ደልዳላ መኝታ ነው።

የሌሊቱ ዋጋ

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። የምጠቀምባቸው ዋጋዎችና ዕድሜዎች ለማሳያ ብቻ የወሰድኳቸው ናቸው፤ የዕለቱን ዋጋ ከፊራ ወጥታችሁ ጠይቁ፤ ስሌቱን ግን ያዙት።

አንድ ርካሽ የተዘጋ ፍራሽ 4,000 ብር ቢሆንና ሁለት ዓመት ቢያገለግል፣ በስምንት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ይገዛል። 16,000 ብር ማለት ነው። ስምንት ዓመት ወደ 2,920 ሌሊት ነው። ስለዚህ አንድ ሌሊት 5 ብር ከ48 ሳንቲም ያስወጣል።

በየድርቡ ስንሠራው የታችኛው 4,500 ብር ሆኖ ስምንት ዓመት ይቆይ እንበል። መካከለኛው 2,000 ብር ሆኖ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ይቀየር፤ 4,000 ይሆናል። ጥጡ 1,500 ብር ሆኖ በመሃል ሁለት ጊዜ በ300 ብር ይታደስ፤ 2,100 ይሆናል። ባለ ዚፕ ልብሱ 1,000 ብር ሆኖ ሁለት ጊዜ ይሰፋ፤ 2,000 ይሆናል። ድምሩ 12,600 ብር ነው። ለአንድ ሌሊት 4 ብር ከ32 ሳንቲም ገደማ ይመጣል። በስምንት ዓመት 3,400 ብር ተረፈ ማለት ነው፤ የተኛንበትም በየጊዜው የጎደጎደ ፍራሽ አይደለም።

«መጀመሪያ 9,000 ብር ከየት ይምጣ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። የድርብ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ሁሉም በአንድ ቀን አይገዛም። በመጀመሪያው ዙር የታችኛው ብቻ ይገዛ፤ በላዩ ያለው አሮጌ ፍራሽ ይቀመጥ። በሚቀጥለው ዕቁብ መካከለኛው ይምጣ። ከዚያ ጥጡ፤ ከዚያ ልብሱ። የሚበረክተው መጀመሪያ ስለተገዛ የወጣው ገንዘብ አይባክንም። ርካሹ ፍራሽ ግን ግማሹን ገዝታችሁ ግማሹን ለከርሞ ማቆየት አትችሉም።

ለማኅበራችንና ለደጋፊዎቻችን

ከዚህ ተነሥቼ ሦስት ሐሳብ ለስብሰባችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ «ለፍራሽ መግዣ» የሚወሰደው ብድር በሁለት ዙር እንዲሰጥ፤ የመጀመሪያው ዙር ለታችኛው ድርብ ብቻ ይሁን። ሁለተኛ፣ የሚፈልጉ አባላት ተደራጅተን ስፖንጁን በጋራ እንግዛ። በጋራ የሚገዛ ዋጋ ይከራከራል፤ ሚዛንም አምጡ ማለት ይችላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ሦስተኛ፣ የልብስ ስፌት የሚችሉ አባሎቻችን ባለ ዚፕ የፍራሽ ልብስና ስስ የጥጥ ፍራሽ መሥራትን ከአንድ ነባር ፍራሽ አዳሽ ይማሩ። ሙያው ከአዛውንቶቹ ጋር ሳይቀበር ሥራም ይሆናል።

ደጋፊዎቻችንንም በአክብሮት አንድ ነገር ልጠይቅ። በችግር ጊዜ ፍራሽ ስትለግሱልን ባለውለታዎቻችን ናችሁ። ነገር ግን ሪፖርት ላይ «ይህን ያህል ፍራሽ ተከፋፈለ» ብሎ መጻፍ ብቻ ስለ ፍራሹ ብዙ አይናገርም። ከቁጥሩ አጠገብ የአንዱ ክብደት ስንት ኪሎ እንደሆነም ይጻፍ። በቁጥር አነስ ብሎ በኪሎ የከበደ ፍራሽ ለብዙ ዓመት የሚያሳርፍ ስጦታ ነው። ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ቆማ የምትቸረችር፣ ሸክም ተሸክማ የምትውል፣ ወይም አራስ የሆነች እናት ማታ የምታርፈው በዚያ ኪሎ ልክ ነው።

ለሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ሜትርና ሚዛን ይዤ እመጣለሁ። ቤታችሁ ያለውን ስፖንጅ ርዝመቱን፣ ወርዱንና ውፍረቱን ለክታችሁ ኑ። የቻላችሁ ስፖንጁን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እንመዝነዋለን። ሰላም ቆዩ።